ምርትን በታዋቂ ሰው ማስተዋወቅ፦ የጎንደር አነስተኛ አምራቾች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ጎንደር ውስጥ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው ለሚያሽጉ፣ ማር አጣርተው ለሚሸጡ፣ የጥልፍ ልብስ ለሚያሠሩ፣ የወለቃ ሸክላ ለሚያከፋፍሉና ለመሰሎቻቸው ነው። ታዋቂ ሰው ምርትን ያስጠራል፤ ያልተዘጋጀን ድርጅት ግን ያጋልጣል። ስለዚህ «ማንን እንያዝ» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ከእሱ በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች ላይ ረዘም ብለናል።

ታዋቂ ሰው የሚባለው ማን ነው? የግድ አዲስ አበባ ያለ አርቲስት መሆን አለበት?

የለበትም። ዋናው ነገር ገዢያችሁ ሰውየውን ያውቀዋል ወይ፣ በዚያ ዕቃ ላይስ ቃሉን ያምነዋል ወይ የሚለው ነው። ምርታችሁ የሚሸጠው አራዳ፣ ማራኪና አዘዞ ባሉ ሱቆች ከሆነ፣ በመላ አገሪቱ ከሚታወቅ ተዋናይ ይልቅ የከተማው ሰው የሚወደው ተጫዋች፣ ለሠርግ የሚፈለግ ድምፃዊ፣ ማሲንቆውን ይዞ ቤት የሚያሞቅ አዝማሪ፣ የሬዲዮ አቅራቢ ወይም ቅዳሜ ገበያን እየዞረ የዕቃ ዋጋ የሚናገር ቲክቶከር ይበልጥ ሊጠቅማችሁ ይችላል። ክፍያውም አቅማችሁን አይፈትንም፤ ሰውየውንም በአካል ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው ነገር ዕቃውና ሰውየው መግጠማቸው ነው። በሶ ከሯጭ ጋር ይሄዳል፤ የጎንደር ጥልፍ መድረክ ላይ ከምትቆም ድምፃዊት ጋር ይሄዳል፤ በርበሬና ሽሮ ደግሞ ወጥ መሥራት እንደምትችል ሰው ከሚያውቃት ሴት ጋር። ኩሽና ገብቶ የማያውቅ ወጣት ኮሜዲያን «ይህ በርበሬ ልዩ ነው» ቢል ሰው ይስቃል፣ ቪዲዮውን ይጋራል፣ በርበሬውን ግን አይገዛም። ከሁሉ የሚሻለው ዕቃችሁን ወትሮም የሚገዛ ታዋቂ ሰው ነው። የደንበኞቻችሁን ስም ዝርዝር አንድ ጊዜ በደንብ እዩት፤ የታዋቂ ሰው እናት ወይም እህት ከእናንተ ስትገዛ ኖራ ሊሆን ይችላል።

የፋሲል ከነማ ተጫዋች ወይም ሯጭ ብንይዝስ?

በ2013 ዓ.ም. አፄዎቹ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሱ ጊዜ ጎንደር ምን እንደሆነች ያየ ሰው የክለቡን ጉልበት ያውቀዋል። ነገር ግን ተጫዋቹ በማሊያ ከቀረበ የክለቡ ዓርማና የስፖንሰሮቹ ስም አብሮ ይታያል። ለዚህ የተጫዋቹ እሺታ ብቻ አይበቃም፤ ከክለቡ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። በራሱ ልብስ ቢቀርብም ከክለቡ ጋር ያለው ውል የግል ማስታወቂያ ይፈቅድለት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁት።

ሯጮች ላይ ደግሞ የትጥቅ ውል አለ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ለረጅም ዓመታት ከአዲዳስ ጋር ሠርቷል፤ ትዕግሥት አሰፋም እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ስትጨርስ ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ ነበር። እንዲህ ዓይነት ውል ያለው ሯጭ የእናንተን የቆዳ ጫማ ወይም ቱታ ላያስተዋውቅ ይችላል። ማር ወይም በሶ ችግር ላይኖረው ይችላል፤ ያኔም ቢሆን በቀረጻው ላይ ምን እንደሚለብስ በውላችሁ ይጻፍ።

ምርታችን ለዚህ መድረሱን በምን እናውቃለን?

ሁለተኛው ዙር ምርታችሁ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። በርበሬን እንውሰድ። ለታዋቂዋ ሴት የተላከው ናሙና በደንብ የተቀነጠሰ፣ በፀሐይ የደረቀ፣ ኮረሪማው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ በሶብላውና ጥቁር አዝሙዱ በልክ የገባበት ነው። ቪዲዮው ወጥቶ ጥያቄ ሲበዛ ከሌላ ነጋዴ የመጣ ዛላ ይገባል፤ ቅመሙ በእጅ ግምት ይጨመራል፤ ለመድረቅ ሁለት ቀን የሚፈልገው በአንድ ቀን ይፈጫል። እርጥበት ያለው ዛላ ሲፈጭ ይጓጉላል፤ ከታሸገ በኋላም ይሻግታል። ገዢው ቪዲዮው ላይ ያየው ደማቅ ቀይ ቀርቶ የደበዘዘ ነገር ይደርሰዋል። ከዚያ ወቀሳው በቀጥታ ታዋቂዋ ሴት ገጽ ላይ ይጻፋል። እሷም ስሟን ለማዳን ቪዲዮውን ታነሳለች፤ ዳግም ስልካችሁን አታነሳም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የቅመሙን መጠን በሚዛን ጻፉት። ለአንድ ኩንታል ዛላ ስንት ኪሎ ኮረሪማ፣ ስንት ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ስንት ኪሎ ጨው እንደሚገባ በግራም ደረጃ ይታወቅ። ከየዙሩ ግማሽ ኪሎ ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡ፤ አዲሱን ከአሮጌው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ቀለሙንና ሽታውን አወዳድሩ።

ከዚህ በተጨማሪ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ ለምግብ ከሆነ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ፣ የምርት ቀንና የመጠቀሚያ ጊዜ ያለበት ማሸጊያ፣ ቀኑን ሙሉ የሚነሳ ስልክ ይኑራችሁ። የታዋቂ ሰው ማናጀር ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ እነዚህን ይጠይቃል፤ ባይጠይቅም ሳትጠየቁ አሳዩት።

የምርት ስማችሁንም አስመዝግቡ። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የተመዘገበ የንግድ ምልክት ለ7 ዓመት ጥበቃ ያገኛል፤ ይታደሳልም። ታዋቂ ሰው ስማችሁን ከጠራው በኋላ በተመሳሳይ ስም የሚያሽግ ሰው ሲመጣ ለመሟገት ያኔ መሯሯጥ ዋጋ የለውም።

ስንት ያስወጣናል?

የአንዱ ዋጋ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ «ስንት ይጠይቃሉ» ከማለት በፊት «ስንት ብንከፍል ያዋጣናል» የሚለውን አስሉ። ለምሳሌ ከአንድ ኪሎ በርበሬ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 80 ብር ይተርፋችኋል እንበል። ለሰውየው 60,000 ብር፣ ለቀረጻና ለቅንብር 12,000፣ ለናሙናና ለመጓጓዣ 3,000፣ ቪዲዮውን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ለማስፋት 5,000 ብር አወጣችሁ። ድምሩ 80,000 ብር ነው። ይህን ለመመለስ ብቻ ወትሮ ከምትሸጡት በላይ 1,000 ኪሎ፣ ማለትም 10 ኩንታል መሸጥ አለባችሁ። በሁለት ወር ይሸጥ ከተባለ በቀን 17 ኪሎ ግድም ተጨማሪ ማለት ነው።

አሁን ወፍጮውን፣ ማስጫውን፣ የሚቀነጥሱትን እጆች አስቡ። ይህን ያህል ማውጣት ካልቻላችሁ ገንዘቡ የሚባክነው በታዋቂው ሰው ምክንያት ሳይሆን በእናንተ አቅም ማነስ ነው። 10 ኩንታል የተፈጨ በርበሬ ለማግኘት የሚገዛው ዛላ ከ10 ኩንታል እንደሚበልጥም አትርሱ፤ ዘንጉ ሲቀነጠስና የተበላሸው ሲለቀም ክብደቱ ይቀንሳል።

ግብሩንም ከወዲሁ ጠይቁ። ሰውየው ወይም ድርጅቱ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመራል፤ በ60,000 ብር ላይ 9,000 ብር ነው። የተስማማችሁበት ዋጋ ይህን ያካትት እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ከክፍያው ተቀንሶ ለገቢዎች የሚገባ ቅድመ ግብር ይኖር እንደሆነም የሒሳብ ባለሙያችሁን አማክሩ። ደረሰኝ ያልተሰጠበት ክፍያ በዓመቱ መጨረሻ ወጪ ተብሎ ላይያዝላችሁ ይችላል።

ገንዘብ የለንም። በምርት ብቻ የሚሠራ ሰው ይገኛል?

ይገኛል፣ ግን ሁለት ነገሮችን አትቀላቅሉ። ስጦታ ከሰጣችሁ ስጦታ ነው፤ ሰውየው ምንም የማለት ግዴታ የለበትም፣ «ላክንልህ እኮ» ብሎ መጨቅጨቅም ነውር ነው። በዕቃ የሚከፈል ማስታወቂያ ከሆነ ደግሞ ከመላኩ በፊት ይነገር፦ ለምሳሌ በየወሩ 5 ኪሎ ማር ለስድስት ወር፣ በምላሹ ሁለት አጫጭር ቪዲዮዎች።

ሌላው መንገድ ከሽያጭ መክፈል ነው። ለሰውየው ለብቻው የሚጠራ ቃል ትሰጡታላችሁ፤ ደንበኛው ሲያዝ ያንን ቃል ሲናገር ቅናሽ ያገኛል፤ ሰውየው ከእያንዳንዱ ኪሎ የተወሰነ ብር ይታሰብለታል። ይህ የሚሠራው ሒሳቡን በየሳምንቱ የምታሳዩት ከሆነ ነው። ወሩ ሲያልቅ «ብዙም አልተሸጠም» ማለት ብቻ ግንኙነቱን ያበላሻል። የትእዛዝ መዝገቡን ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት፣ ድርሻውን በቴሌብር ወይም በባንክ በተባለው ቀን አስገቡ።

ሰውየውን በምን እናገኘዋለን?

መጀመሪያ በራሱ ገጽ ላይ ለሥራ ብሎ ያስቀመጠውን ስልክ ወይም ኢሜይል ፈልጉ። ብዙዎቹ ማናጀር አላቸው፤ ማናጀሩን አልፎ ቤት መሄድ ወይም የግል ስልክ ከጓደኛ ተቀብሎ መደወል በሩን ይዘጋል። ጎንደር ላይ ከሆነ ሙዚቃውን የሚቀርጽለት ስቱዲዮ፣ የሚዘፍንበት ቤት ባለቤት ወይም ሠርግ የሚያዘጋጁ ሰዎች ደህና መንገድ ናቸው። ዘመድ ካለ ይጠቅማል፤ ዘመዱ ግን ያስተዋውቃችሁ እንጂ ዋጋ አይነጋገርላችሁ። ዋጋው በሦስተኛ ሰው አፍ ሲያልፍ ሁለቱም ወገን ሌላ ቁጥር ይሰማል።

የመጀመሪያው መልእክት ምን ይመስላል?

አጭር፣ ጨዋና ጥያቄው ግልጽ የሆነ። የድርጅቱን ታሪክ በሁለት ገጽ አትጻፉ፤ «ሕልማችንን እውን ያድርጉልን» አትበሉ። እንዲህ ያለው ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ማራኪ አካባቢ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተን የምናሽግ ሦስት ሴቶች ነን። በርበሬያችን ዘንጉ ተቀንጥሶ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ያለ ምንም ቀለም የሚዘጋጅ ነው። ለፋሲካ ገበያ 40 ሰከንድ የሚሆን አንድ ቪዲዮ በእርስዎ ገጽ ላይ እንዲሠሩልን ልንጠይቅ ፈልገን ነው። ከመወሰንዎ በፊት ቤትዎ ቀምሰው እንዲያዩት ግማሽ ኪሎ በርበሬና ግማሽ ኪሎ ሽሮ ብንልክ ደስ ይለናል፤ ቢቀበሉት ምንም ግዴታ የለበትም። የምንልክበትን አድራሻና ስለ ክፍያ የምናነጋግረውን ሰው ቢጠቁሙን። እናመሰግናለን።»

ከሥሩ የድርጅቱ ስም፣ ስልክና በቀን ብርሃን የተነሳ አንድ ጥርት ያለ የምርቱ ፎቶ። በትልልቅ አርቲስቶች ላይ «አርቲስት» የሚለውን ማዕረግ ከስማቸው አስቀድሙ፤ አንተና አንቺ ማለት፣ ዕድሜው ከእናንተ ቢያንስም፣ በሥራ ደብዳቤ ላይ አይሆንም።

መልስ ካልመጣ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ጠብቃችሁ አንድ ጊዜ አስታውሱ። ከዚያ በኋላም ዝም ካሉ ሌላ ሰው ፈልጉ። በቪዲዮዎቻቸው ሥር እየገቡ «መልእክታችንን እዩልን» ማለት ሌሎች አርቲስቶችም የሚያዩት ነገር ነው።

ናሙናውን እንዴት እንላክ?

ለገበያ በሚቀርብበት ማሸጊያ። ለታዋቂው ሰው የተለየ ቆንጆ ሣጥን፣ ለደንበኛው ተራ ፌስታል ከሆነ ቪዲዮውና ሱቁ አይገናኙም። ሦስት እሽግ ይበቃል፦ አንድ ለሰውየው፣ አንድ ለማናጀሩ፣ አንድ ወጡን ለሚሠራው ለቤቱ ሰው። የመጨረሻውን ብዙዎች ይረሱታል፤ «ይህ ነገር ጥሩ ነው» የምትለው ግን ብዙ ጊዜ ወጥ ሠሪዋ ናት።

ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም ሁልጊዜ እንደልብ አይደለም፤ ስለዚህ ለቀጠሮ ቀን የሚፈለግ ነገር በአየር ይሂድ። በርበሬን በሁለት ድርብ ላስቲክ አሽጉ፤ ሽታው ሌላውን ዕቃ ይይዛል። ማር በብርጭቆ ማሰሮ ከሆነ ክዳኑን በላስቲክ ጠቅልላችሁ በካርቶን ክፍልፋይ አስቀምጡ፤ አፉ ድረስም አትሙሉት። የረጋ ማር ከሆነ «ማር በብርድ ይረጋል፤ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማሰሮውን ቢያስቀምጡት ይቀልጣል» ብላችሁ ጻፉበት፤ አለበለዚያ ስኳር የተቀላቀለበት ነው ብለው ሊጠረጥሩ ይችላሉ። ሸክላ በጭድ ወይም በተጨማደደ ወረቀት ውስጡም ውጪውም ይሞላ። ለጥልፍ ልብስ ቁመት፣ ደረት፣ ወገብና እጅጌ ልኩን ከማናጀሩ ወይም ከልብስ ሰፊያቸው ጠይቁ። በግምት ተሰፍቶ የጠበበ ቀሚስ ካሜራ ፊት አይወጣም።

የተከታዩ ቁጥር እውነተኛ መሆኑን እንዴት እንለያለን?

ከተከታይ ቁጥር ይልቅ ያለፉትን አሥር ቪዲዮዎች እይታ እዩ። ግማሽ ሚሊዮን ተከታይ ያለው ገጽ ቪዲዮዎቹ ሁለትና ሦስት ሺ ላይ የሚቆሙ ከሆነ ተከታዩ ወይ የተገዛ ወይ የተኛ ነው። አስተያየቶቹንም አንብቡ፦ እሳትና ልብ ብቻ ከሆነ ብዙ አትጠብቁ፤ «የት ነው የሚገኘው?»፣ «ዋጋው ስንት ነው?» የሚሉ ካሉ ገዢ ሰው አለ ማለት ነው።

ከዚያ ተመልካቹ ከየት አገርና ከተማ እንደሆነ የሚያሳየውን ገጽ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ፎቶው ሊነካካ ስለሚችል ስልኩን ከፍተው በአካል ወይም በቪዲዮ ጥሪ ቢያሳዩ ይሻላል። የብዙ አማርኛ ገጾች ተመልካች ሳዑዲ፣ ዱባይ፣ ቤይሩትና አሜሪካ ነው። ይህ መጥፎ አይደለም፤ ውጭ ያለ ልጅ ለእናቱ ጎንደር ቤቷ ድረስ እንዲደርስላት ሊያዝ ይችላል። ግን ያኔ ቪዲዮው «ውጭ ሆናችሁ ለቤተሰብ ማዘዝ ትችላላችሁ» ማለት አለበት፤ እናንተም ቤት ለቤት የሚያደርስ ሰው ሊኖራችሁ ይገባል።

ውል ያስፈልጋል? በቃል ተማምነን ብንሠራስ?

መተማመኑ ጥሩ ነው፤ ውሉም ይጻፍ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1727 በጽሑፍ የሚደረግ ውል በተዋዋዮቹ እንዲፈረምና በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ምስክር የሌለበት ወረቀት ይዞ ፍርድ ቤት መቆም ከባድ ነው። በየገጹ ፈርሙ፤ ማናጀሩ የሚፈርም ከሆነ የውክልና ሥልጣኑን ቅጂ ያዙ።

ብዙ ጠብ የሚነሳው ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ስለሚከተሉት ነገሮች ነው። ቪዲዮው ገጹ ላይ ስንት ቀን ይቆያል? «እንለጥፋለን» ተብሎ በሦስተኛው ቀን የሚነሳ አለ፤ ቢያንስ ስድስት ወር ይቆይ ብላችሁ ጻፉ። እናንተስ ቪዲዮውን ቆርጣችሁ በራሳችሁ ገጽ፣ በባነር፣ በማሸጊያ ላይ መጠቀም ትችላላችሁ? ይህ ካልተጻፈ የተከፈለው ለአንድ ልጥፍ ብቻ ነው ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ። ሰውየው በዚያው ጊዜ የሌላ በርበሬ ማስታወቂያ ይሠራል? እንዳይሠራ ከፈለጋችሁ ስንት ወር እንደሆነና ምን ዓይነት ምርት እንደሆነ በስም ይጠቀስ፤ «ማንኛውንም ምግብ» ካላችሁ ዋጋው ይንራል። ጽሑፉን ማን ያዘጋጃል፣ ስንት ጊዜ ይታረማል? ሁለት ጊዜ እርማት በቂ ነው።

ክፍያውን በአንድ ጊዜ አትስጡ። ሲፈረም 40 በመቶ፣ ቪዲዮውን አይታችሁ ስታጸድቁ 40፣ ተለጥፎ 30 ቀን ሲሞላው 20 በመቶ ሊሆን ይችላል። የሚከፈልበት የባንክ ሒሳብ ስም ከፈራሚው ስም ጋር አንድ ይሁን። ሰውየው ስሙን የሚያጎድፍ ነገር ውስጥ ቢገባ ውሉን ማቋረጥ እንደምትችሉ፣ ምርታችሁ ጉዳት ቢያደርስ ደግሞ እሱ ማቋረጥ እንደሚችል ይጻፍ። ይህን የኋለኛውን ራሳችሁ ስታስገቡ እምነት ይጨምራል።

ማናጀር ነኝ የሚል ሰው ቀብድ ጠየቀን። እንላክ?

ውል ሳይፈረም አይላክም። «መዝገብ ማስከፈቻ»፣ «የቀጠሮ ማስያዣ» እየተባለ የሚጠየቅ ትንሽ ገንዘብ የተለመደ ማጭበርበሪያ ነው። ታዋቂው ሰው ራሱ ለአንድ ደቂቃ በቪዲዮ ጥሪ ሰላም እንዲላችሁ ጠይቁ፤ ወይም ከትክክለኛው ገጹ አንድ መልእክት ይላክላችሁ። የገጹን ስም ፊደል በፊደል እዩት፤ አንዲት ነጥብ ወይም ቁጥር የተጨመረበት የውሸት ገጽ ብዙ ነው። እውነተኛ ማናጀር በዚህ አይቆጣም።

አርቲስቱ ሱቃችን መጥቶ አብረን ፎቶ ተነሳን። ለማስታወቂያ መጠቀም እንችላለን?

ሳትጠይቁ አይሆንም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ቁጥር 28 የታወቁ ሰዎችን በሚመለከት ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ብዙ ነጋዴም «ታዋቂ ነው፣ ፈቃድ አያስፈልግም» የሚለው ከዚህ ተነስቶ ነው። ዝነኛን ሰው በዜና ማሳየትና ፊቱን በርበሬ ማሸጊያ ላይ ማተም ግን አንድ አይደለም። በዚያች አንቀጽ ተማምናችሁ ፖስተር አታሳትሙ። በዚያው ቅጽበት «ገጻችን ላይ ብንለጥፈው ይፈቅዳሉ?» በሉ፤ እሺ ካሉ በአጭር የጽሑፍ መልእክት አረጋግጡ። ለባነርና ለማሸጊያ ደግሞ ውል ያስፈልጋል።

በኮምፒውተር ተመሳስሎ የተሠራ ድምፅና ፊትም ያው ነው፤ እንዲያውም የባሰ ነው፣ ሰውየው ያላለውን እንዳለ ማድረግ ስለሆነ። ዘፈን ከቪዲዮው ሥር ማስገባትም በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ድምፃዊው ራሱ ማስታወቂያውን ቢሠራ እንኳ የግጥሙና የዜማው ባለቤት ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ምን እንዳይባል እንጠንቀቅ?

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ እውነተኛና የማያሳስት እንዲሆን ያዛል። «ማራችን ስኳር በሽታን ያድናል»፣ «በርበሬያችን የጨጓራ ፍቱን ነው» ማለት ደንበኛን ይጎዳል፤ መድኃኒቱን የሚያቆም ሰው ይኖራልና። የሌላውን አምራች ስም እየጠሩ ማንኳሰስም ለክስ ይዳርጋል። ታዋቂው ሰው በራሱ አንደበት ጨምሮ ቢናገረውም ተጠያቂነቱ ከእናንተ አይወርድም፤ ስለዚህ መባል የሌለባቸውን ነገሮች በወረቀት ጽፋችሁ ከቀረጻ በፊት ስጡት።

ጠጅና አረቄ ለምታዘጋጁ፦ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። በሌላ መንገድ ከማሰባችሁ በፊት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ጠይቁ። ካህናትንና ታቦት የወጣበትን ሥዕል ለማስታወቂያ አትጠቀሙ፤ ጎንደር ላይ ይህን የሚታገሥ የለም፣ ተገቢም አይደለም።

ተከፍሎት እየተናገረ መሆኑ ይገለጽ? አዎ። «በትብብር የተሠራ» ወይም «ማስታወቂያ» የሚል ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ይታይ። ሰው ደብቀውት ቆይቶ ሲደርስበት ነው የሚያኮርፈው።

መቼ ነው የሚሻለው?

ለጎንደር ትልቁ ጊዜ ጥምቀት ነው። ጥር 11 ለሚመጣው እንግዳ ጥልፍ፣ ሸክላና ማር ለመሸጥ ካሰባችሁ ከሰውየው ጋር የሚደረገው ንግግር ጥቅምት ላይ ይጀመር፤ ቪዲዮው ታኅሣሥ መጨረሻ ይውጣ። ጥር ሲገባ አርቲስቱም፣ ቀራጩም፣ ሆቴሉም ተይዞ ዋጋው ሌላ ነው። በዚያው ወር ሠርግ ስለሚበዛ የባህል ልብስ በታዋቂ ሰው ላይ መታየቱ ድርብ ጥቅም አለው።

ሽሮ በሁዳዴ 55 ቀን ይፈለጋል፤ ስለዚህ ቪዲዮው ከቅበላ በፊት ባለው ሳምንት ይውጣ። ቅቤና ዓይብ የሚታይበት ቪዲዮ በጾም አትልቀቁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በርበሬ የማስተዋወቅ ሐሳብ ካላችሁ አስቀድሞ የደረቀ ክምችት ይኑራችሁ፤ በክረምት ማስጫ ፀሐይ የለም።

ቀረጻው የት ይሁን?

ብዙ ሰው የፋሲል ግቢን ይመርጣል። ቅርስ ስለሆነ ለንግድ ቀረጻ ቀድሞ ፈቃድ መጠየቅና የሚጠየቀውን መክፈል ያስፈልጋል፤ ካሜራና መብራት ይዞ በር ላይ መድረስ የሰውየውን ግማሽ ቀን ያባክናል። ለምግብ ግን ከግቢው ይልቅ ኩሽና ይሻላል። ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ እሽጉ ሲቀደድ፣ በርበሬው ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ያለው ድምፅና ቀለም ራሱ ይሸጣል። ያንን ቅርብ አድርጋችሁ ቅረጹ፤ ሰውየውም በማንኪያ ቀምሶ የራሱን ቃል ይናገር። ተጽፎ የተሰጠውን ሲያነብ ያስታውቃል። የምርቱ ስምና ስልክ ቁጥር ለመጻፍ የሚያስችል ጊዜ፣ ቢያንስ አምስት ሰከንድ፣ ስክሪኑ ላይ ይቁም። ስልኩ በትክክል መጻፉን ከመለጠፉ በፊት ደውላችሁ ሞክሩ።

ጥቅም ማምጣቱን በምን እናውቃለን?

ቪዲዮው ከመውጣቱ በፊት ያሉትን አራት ሳምንታት ሽያጭ በየቀኑ መዝግቡ፤ ከወጣ በኋላም እንዲሁ። ስልክ የሚያነሳው ሰው «ከየት ሰሙ?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ደብተር ላይ ይጻፍ። ዓውደ ዓመት መሃል ከገባ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር አወዳድሩ፤ በዓሉ ያመጣውን ሽያጭ ለታዋቂው ሰው አትቁጠሩለት። ዋናው ምልክት ግን ሁለተኛ ጊዜ የሚያዝ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ኪሎ ዝና ያሸጠዋል፤ ሁለተኛውን በርበሬው ራሱ።

ውሉ ሲያልቅ ምን እናድርግ?

ካልታደሰ የሰውየው ፎቶና ስም ያለበት ባነር፣ ፖስተርና ልጥፍ በተባለው ቀን ይነሳ። ሱቅ ለሱቅ ያከፋፈላችሁትን ፖስተር የት የት እንደተለጠፈ ከመጀመሪያው መዝግባችሁ ያዙ። የብዙዎች ራስ ምታት የታተመ ማሸጊያ ነው፦ የስድስት ወር ውል ይዞ 10,000 ፊቱ ያለበት ከረጢት ያሳተመ ሰው የተረፈውን ወይ ይጥላል ወይ ያለ ፈቃድ ይጠቀማል። ከረጢቱን ያለ ፎቶ አሳትሙና የሰውየውን ምስል በተለጣፊ ወረቀት ለብቻው አሠሩት፤ ለሁለት ወር የሚበቃውን ብቻ፣ ሲያልቅ እየጨመራችሁ።